ለጋሽ ዙር ያልመለስኳት ቁጥር

ጋሽ ዙር ማረፋቸውን የሰማሁት ሻይ እያማሰልኩ ነው። የድሮ የዶርም ጓደኛዬ ደውሎ «ጋሽ ዙር አረፉ እኮ» አለኝ። «እሺ፣ በኋላ እደውልልሃለሁ» ብዬ ዘጋሁና ማማሰሌን ቀጠልኩ። አጠገቤ የምትቀመጠው ባልደረባዬ «በእስክሪብቶ እኮ ነው የምታማስለው» አለችኝ።

«ደህና ነኝ» አልኳት። ደህና ነህ ወይ ብላ ግን አልጠየቀችኝም።

ሰው የቱንም ያህል ቢማር፣ መጨነቁን ከራሱ ቀድሞ የሚያውቅበት አንድ የበር ሰው አያጣም። ሐኪም በቀጠሮና በምርመራ የሚደርስበትን፣ ይህ ሰው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ፣ ጆሮውን እየኮረኮረ ይደርስበታል። የእኛው ክቡር ሊቀ ጠበብት የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ጥበቃ ጋሽ ዙር ነበሩ።

ሥራቸው ቀላል ነው። ቦርሳ ይዞ መግባት ክልክል ስለሆነ ቦርሳችንን ይቀበሉና ቁጥር የተጻፈባት፣ ሳንቲም የምታክል ክብ ፕላስቲክ ይሰጡናል። ስንወጣ ቁጥሯን ተቀብለው ቦርሳውን ይመልሳሉ። በመሀል ግን ምርመራ አለ። ሸሚዙን ገልብጦ የለበሰ፣ ሁለት ዓይነት ካልሲ ያደረገ፣ «እንደምን ዋልክ» ሲባል ቀመር የሚያነበንብ ተማሪ ካዩ መድኃኒቱ አንድ ነው።

«አንድ ዙር!» ይላሉ፣ በጣታቸው ሕንፃውን እየከበቡ። «ዙርና ና። መጽሐፉ እግር የለው፣ አይሸሽ!»

አንዷ «ጋሼ፣ እኔ እኮ የሕክምና ተማሪ ነኝ፤ የጭንቀትን ምልክት ከነዓይነቱ አውቀዋለሁ» ብላ ተከራከረቻቸው።

«ጎሽ፣ የኔ ልጅ! እንግዲያው ያንቺ ሁለት ዙር ነው።»

የትምህርት ክፍል ኃላፊያችን እንኳ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰክተው መነጽር ሲፈልጉ ተይዘዋል። ከነክራባታቸው ሲዞሩ በመስኮት ተሻምተን አየናቸው።

እኔ ግን አልጨነቅም ነበር። ይህንን ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም እናገር ነበር። በሦስተኛው ዓመት የፈተና ሳምንት ሦስት ቀን በቅጡ አልተኛሁም፤ «ትጋት ነው» አልኩ። ምግብ አልወርድ አለኝ፤ «ጊዜ ቆጠብኩ» አልኩ። ካልኩሌተር ያነሳሁ መስሎኝ የቴሌቪዥን ሪሞት ይዤ ሄጄ ስታትስቲክስ ልሠራበት ስታገል ቆየሁ፤ «ባትሪው አልቋል» አልኩ። ከዚያም ምንም እንዳልተጨነቀ ሰው፣ ትምህርት ማቋረጫ ቅጽ ሞላሁ። ለእናቴም ለማንም ሳልናገር ፈርሜ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። የቀረው የሬጅስትራር ማህተም ብቻ ነው፤ ሬጅስትራር ደግሞ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል።

አሥር ተኩል ላይ ቦርሳዬን ልወስድ ከንባብ ክፍሉ ወጣሁ።

«ቁጥርህ?» አሉኝ ጋሽ ዙር።

ኪሴን ዳበስኩና የዶርም ቁልፌን ሰጠኋቸው።

አገላብጠው አዩት። «ቤት ሰጠኸኝ? እግዜር ይስጥልኝ። ቁጥሩስ?»

«ጠፋብኝ መሰለኝ፣ ጋሼ። ቦርሳዬን ያውቁታል እኮ፤ ሰማያዊው ነው። ሬጅስትራር ሊዘጋብኝ ነው!»

«በፈተና ሳምንት ሬጅስትራር ምን አለህ?»

ኪሴን እንደገና ዳበስኩ። እሳቸው ፊቴን አዩ።

«ቁጥር ከሌለ ቦርሳ የለም። ዙርና ፈልጋት።»

መሬት መሬቱን እያየሁ ዞርኩ። የለችም። «ድገም» አሉኝ። ሁለተኛውን እየተሳደብኩ ዞርኩ፤ በሆዴ ነው እንጂ ጮክ ብዬስ አልደፍርም። በሦስተኛው ዙር፣ ከሕንፃው ጀርባ ያለው ቧንቧ ጋ ስደርስ፣ ሳላስበው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አለቃቀሴም የጎበዝ ተማሪ ነበር፤ በየመሀሉ ሰዓት አያለሁ። በመጨረሻ ሳይ አሥራ አንድ ከሩብ ሆኗል።

ስመለስ ጋሽ ዙር ከወንበራቸው ተነሱ። «በል፣ አሁን ትፋት።»

«ምኗን?»

«አፍህ ውስጥ ያለችውን ነዋ! ከመነሻው ጀምሮ እያኘክ እኮ ነው የምታወራኝ!»

ተፋኋት። ቁጥር አርባ አንድ። ዳር ዳሯን ጥርሴ በልቷታል።

ቦርሳዬን በሁለት እጃቸው አቀበሉኝ። ቁጥሯን ግን አልነኳትም። «ይቺንማ እንዲህ ሆና ለሰው ልጅ አልሰጥም። አጥበህ መልሳት» አሉኝ።

ያን ቀን በልቼ ተኛሁ። ፈተናውን ተፈተንኩ፤ ሲ አገኘሁ። የዙር ተአምር ከዚያ አያልፍም። በዓመቱ ግን ከጓደኞቼ ጋር ተመረቅኩ። እናቴ ስለ ቅጹ እስከ ዛሬ አታውቅም። ጋሽ ዙር ያውቁ እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም።

የሞታቸውን ስልክ ከዘጋሁ በኋላ ሻዬን ትቼ ከቢሮ ወጣሁና ሕንፃውን መዞር ጀመርኩ። በሁለተኛው ዙር የበሩ ጥበቃ «ምነው፣ የጠፋብዎት ነገር አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ኧረ ምንም» አልኩት። በሦስተኛው አልጠየቀኝም፤ ወንበሩን ወደ ጥላው ሳብ አድርጎ አሳለፈኝ።

ቁጥር አርባ አንድ መሳቢያዬ ውስጥ አለች። ያኔውኑ በሳሙና አጥቤያታለሁ። አልመለስኳትም።