በእንተ «ተወው»፦ ነገ ሰገድ የመኝታ ቤቱን በር ድል የነሣበት ዜና

በጋብቻው በዐሥራ አንደኛው ዓመት፣ በዘመነ ሲጢጥታ በሰባተኛው ወር፣ የቤቱ ዝምታ በጸና በአምስተኛው ቀን፣ ዕለቱም ቅዳሜ፣ ከረፋዱ በአራት ሰዓት፣ ንጉሠ ቁልፍ፣ ሥዩመ ካቻቪቴ፣ የሰፈሩን በር ሁሉ ከፍቶ የገዛ በሩን መዝጋት የተሳነው ቁልፍ ሠሪ፣ ስመ መንግሥቱ ነገ ሰገድ የተባለው፣ ለጦርነት ተነሣ። ነገ ሰገድ መባሉም የቤት ሥራ በታዘዘ ቁጥር «ነገ» ስለሚል ነው። ይህን ዜና የጻፍሁ እኔ ወዳጁ፣ የሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ፣ ባትሪ ይዤ በዐይኔ አይቻለሁ።

የጦርነቱም ምክንያት እንዲህ ነበረ። የመኝታ ቤቱ በር ማጠፊያው ላልቶ ዘመመ፣ ወለሉንም ፋቀ፣ በተከፈተም ጊዜ ሲጢጥ ብሎ ጮኸ፤ በጮኸም ቁጥር በሚቀጥለው ክፍል የሚያርፉት አማቱ ከእንቅልፋቸው ነቅተው «ማነህ አንተ!» ብለው ያውጁ ነበር። ሚስቱ መምህርቷም በመጀመሪያው ወር በፈገግታ ነገረችው፤ በሦስተኛው ወር የአባቱን ስም ጨምራ እየጠራች ነገረችው፤ በሰባተኛው ወር ግን፣ ባለፈው ማክሰኞ፣ የተማሪዎቿን ደብተር ታቅፋ በሩን በትከሻዋ እየገፋች ሳለ አንዲት ቃል ብቻ ተናገረች፤ ቃሏም «ተወው» ነበረች።

ነገ ሰገድ የቁልፍን ጥርስ ሁሉ በጣቱ ዳብሶ የሚለይ ሲሆን፣ የዚህችን ቃል ጥርስ ግን አላየም። ተወው ማለት ተወው መስሎት ደስ አለው፤ ደስ ብሎትም ዝም አላለም፣ «እግዜር ይስጥሽ!» ብሎ አመሰገናት። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እመቤቲቱ አፏን ዘጋች፤ የምትሻውንም በእናቷ አፍ ታሳውጅ ጀመረች፤ የማዕዱም ዐዋጅ «ያ ሰውዬ ጨው እንዲያቀብል ይነገረው» የሚል ሆነ።

ጀግናው ሦስት ቀን እንደ ቀልድ አሳለፈው። በአራተኛው ቀን ግን ወንበሬ ላይ ተቀምጦ፣ ግማሽ ፂሙ ተላጭቶ ግማሹ ሳሙና እንደ ለበሰ፣ አብራው እያደረች ድምፅዋ እንደ ናፈቀው ነገረኝ። ከሥራ ስትመለስ የተማሪዎቿን አስቂኝ መልስ እየደገመች ታጫውተው ነበርና፣ ያ ጨዋታ ለዘለዓለም እንዳይቀርበት ፈራ። እኔም ምላጬን አቁሜ አዘንሁለት።

ወእምዝ ቅዳሜ ጠዋት መምህርቷ ወደ ማጠናከሪያ ትምህርቷ በወጣች ጊዜ፣ አማቲቱ ብድግ ብለው አወጁ፦ «ስማ ያልሰማህ! ልጄ ተወው ስትል በሩን አይደለም፣ ባንተ ላይ ያላትን ተስፋ ነው። እስክትመለስ እስከ ስድስት ሰዓት ቀን ሰጥቼሃለሁ!»

ያን ጊዜ ሠራዊቱ ተከተተ። በቀኝ ክንፍ ጎረቤቱ ባለታክሲ፣ በሩን በጀርባው የሚደግፍ፣ ምክር የማያልቅበት፤ በግራ ክንፍ እኔ፣ ባትሪ የምይዝ፣ አብዛኛውንም ጊዜ ያለ ቦታው የማበራ፤ በደጀን አማቲቱ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሰዓት የሚጠሩ፤ ከእነዚህም ጋር ፒንሳ፣ መዶሻ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ በሻይ ብርጭቆ የተቀዳ የምግብ ዘይት ዘመቱ። ብሎኖቹ ዝገው አንፈታም አሉ፤ ነገ ሰገድ ግን በላብ ተጠምቆ አንድ በአንድ ፈታቸው። በሩም በተነቀለ ጊዜ በባለታክሲው የእግር አውራ ጣት ላይ ወደቀ፤ እርሱም በመንገድ ላይ ለሌሎች ሾፌሮች የሚለውን ሁሉ ለበሩ አለው። አዲስ ማጠፊያ ተገጠመ፣ የበሩ እግር ተሞረደ፣ ዘይቱም ፈሰሰ፣ ከፊሉ በእኔ ሱሪ ላይ።

ልክ በስድስት ሰዓት እመቤቲቱ ገባች። በሩን በአንድ ጣቷ ገፋችው፤ በሩም ትንፍሽ ሳይል ተከፈተ። ዘጋችው፤ ደግማ ከፈተችው። ወለሉ ላይ ግን አንዲት ብሎን ተርፋ ነበርና፣ ነገ ሰገድ ተንበርክኮ ቦታዋን ይፈልግ ጀመር። ይህን ጊዜ እመቤቲቱ «ተወው!» ብላ አወጀች።

ሁላችንም ደርቀን ቀረን፤ የትኛው ተወው እንደ ሆነ አላወቅንምና። ነገ ሰገድ ግን በዚህኛው ጊዜ አላመሰገነም። ቀና ብሎ ፊቷን አየ፤ ከአምስት ቀን ወዲህ፣ እውነቱ ይነገር ከተባለም ከሰባት ወር ወዲህ፣ ደህና አድርጎ አያት፤ ከዐይኗ ሥር ድካም፣ ከከንፈሯም ዳር ሳቅ ነበረ። ብሎኗን ኪሱ ከተታት። እርሷም ቦርሳዋን አስቀምጣ፣ በዚያ ጠዋት አንድ ተማሪ የመለሰላትን መልስ ትነግረው ጀመረች፤ ሠራዊቱም በቀስታ ተበተነ።

ሰላም ለከ ነገ ሰገድ፣ መዋዔ ማጠፊያ፣ ፈታሔ ብሎን፣ ሰማዔ ተወው! ዝናህ ከደጅ እስከ ጓዳ ይሰማ፣ ዘመንህም ያለ ሲጢጥታ ይለቅ! ውዳሴው ገና ብዙ ነበር፤ እኔ ጸሐፊው ግን እዚህ ላይ ቈርጬ ወደ ቤቴ እሮጣለሁ፤ ዛሬ ጠዋት ስለሚያንጠባጥበው ቧንቧ ባለቤቴ «ተወው» ስትለኝ፣ አመስግኛት ነበር የወጣሁት።