ሽባባው በካምፐር ወደ አጎታቸው ደጅ የዘመቱት ዘመቻ

በዘመነ ሉቃስ፣ በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ ሽባባው ካምፐሩን በገዙ በሁለተኛው፣ ፍሬኑ በታደሰ በመጀመሪያው ዓመት፣ በወርኃ ሐምሌ፣ ሆላንዶች ፀሐይ ወጣች ብለው ልብሳቸውን በሚጥሉበት ሰሞን፣ የልጄ ባል ሽባባው፣ እግዚአ ካምፐር፣ የአምስተርዳም ኖርድ ሰፈር ኩራት፣ ዘመድ ሊጎበኙ ተነሡ። በወረቀት አንቱ ብያቸዋለሁ፤ በአፌ ግን አንተ ነው። ካምፐር ማለት አልጋና ምድጃ በሆዱ የያዘ መኪና ነው፤ ይኸኛው አርጅቶ ስለነበረ ዳገት ሲያይ ያለቅሳል፣ ደግነቱ አገሩ ዳገት የለውም።

ሠራዊቱም እንዲህ ተሰለፈ፦ በቀኝ ልጄ ወይዘሮ ብርነሽ፣ ካርታ ገልብጣ የምታነብ፣ መንገድ ሲጠፋም ባሏን የምትቆጣ፤ ከኋላ እኔ አማታቸው፣ የድስት አዛዥ፣ ፊደል ያለ አስተማሪ የቆጠርኩ፣ ሐሰት የማልጽፍ፤ ከእኔም ሥር የበርበሬው ጣሳ፣ ብርድ ልብሶቹ፣ ከወንበር ወንበር እየተንከባለለ ያስቸገረን ሽንኩርት፤ ደጀኑም ከኋላ የተንጠለጠለው ትርፍ ጎማ ነበረ።

ወእምዝ ከውኃው በታች በተቦረቦረው መንገድ ሾልከው፣ አምስተርዳምን ጥለው፣ ዴንሃግ ከተማ ትራንስቫል ሰፈር ደረሱ። በዚያም የአክስታቸው ልጅ ወይዘሮ የትነበርሽ ልጆቿን መሬት አስተኝታ፣ አዲስ አንሶላ አንጥፋ ትጠብቅ ነበር። ሽባባው ግን ማንንም አላስቸግርም የሚለውን የሆላንድ ጨዋነት ተምረው ነበርና፣ ራት በልተው፣ መርቀው፣ ወርደው በካምፐራቸው ተኙ። ወዮ ለእንዲህ ያለ ጨዋነት! ሲነጋ የትነበርሽ ስልክ አንሥታ እንዲህ ስትል አዋጅ ነገረች፦

«ዘመድ ሁሉ ይስማልኝ! ሽባባው አንሶላዬን ንቆ ደጄ ላይ እንደ ውሻ አደረ። ሮተርዳም ያላችሁ፣ ወጡን በልቶላችሁ ቤቱን ነው የሚጠየፋችሁ!»

ካምፐሩ ዴልፍት ላይ ሞተሩ ግሎ፣ ባትሪው ሞቶ፣ አላፊ አግዳሚ እየገፋው ሳለ፣ አዋጁ ቀድሞ ሮተርዳም ገባ። በዚያም አቶ ገብረመድህን ነበሩ፣ የሽባባው የአባታቸው ወንድም፣ አባት ሲሞትባቸው ያሳደጓቸው፣ ከባሕር ወዲህ የቀሩ ብቸኛ ሽማግሌያቸው። ካምፐሩ ገና ሳይቆም ከሦስተኛ ፎቅ በመስኮት ብቅ አሉና አወጁ፦

«አንተ! ደጄ ላይ መኪና ውስጥ የሚያድር የወንድሜ ልጅ አይደለም፤ ስሞትም እንዳይቀብረኝ! አልጋዬ ተነጥፎልሃል፣ እኔ መሬት እተኛለሁ!»

ሽባባው ይህን ሰምተው እንደ ኖራ ነጡ፤ የሽማግሌው ወገብ የሰው ቢሮ ሲወለውሉ የተቆለመመ ነውና፣ አንድ ሌሊት መሬት ቢተኙ የሚያነሣቸው አምቡላንስ ነው። ቢገቡ የአጎታቸውን ወገብ ሊሰብሩ፣ ባይገቡ አጎታቸውን ሊያጡ ሆነ። እኔ በበኩሌ ሁለቱም ግትሮች ናቸው ብዬ ፈረድኩ፤ ግን የአማት ፍርድ ማን ይሰማል? ጎረቤቱም መጋረጃ ከፍቶ ያይ ጀመር።

በዚያች ሰዓት ሽባባው፣ ጥበብ ከየት እንደ መጣላቸው እንጃ፣ ከወንበር ሥር ረጅሙን የመብራት ገመድ መዝዘው፣ ካምፐሩ ጣራ ላይ ወጥተው አወጁ፦

«አባባ! ባትሪዬ ሞቷል፣ ጨለማ ውስጥ ነኝ። ይህን ገመድ ከቤትዎ ይሰኩልኝ። ብርሃኑ ከእርስዎ ከወረደ ይህ መኪና የእርስዎ ጓዳ ነው፤ ጓዳዎ ያደረ ደግሞ ቤትዎ አደረ!»

ሽማግሌው ጢማቸውን አከኩ፣ ጎረቤቱን አዩ፣ ዘንቢል በሲባጎ አሰሩና አወረዱ። ገመዱም በዘንቢል ተቀምጦ እንደ ሙሽራ ወጣ፣ ተሰካ፣ ካምፐሩም በራ። ከመስኮቱም ሌላ አዋጅ ወረደ፦

«ከዛሬ ጀምሮ ይህ ካምፐር የቤቴ ክፍል ነው! አይደለም የሚል ይምጣ!»

የቤት ጌታ ጓዳውን መጎብኘት አለበትና አቶ ገብረመድህን ወገባቸውን ይዘው እያቃሰቱ ደረጃውን ወረዱ። መጋረጃውን ነቀፉ፣ ድስቴን ከፍተው አሸተቱ፣ ፍራሹን በመዳፋቸው ተጫኑ፣ እስቲ ብለው ጋደም አሉ። ያ ፍራሽ ምን እንደ ነካቸው አላውቅም፤ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ ማንኮራፋታቸው መስኮቱን አንቀጠቀጠው። ሽባባው አባባ፣ አባባ እያሉ ቢነቀንቋቸው፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ አወጁ፦

«ቤቴ ነው፣ የፈለግሁት ክፍል እተኛለሁ። እንግዳ ወደ ላይ ይውጣ!»

ስለዚህ ማንንም አላስቸግርም ያሉት ሽባባው በአጎታቸው አልጋ፣ በአጎታቸው አንሶላ አደሩ፤ እኔና ልጄም ሶፋውን ተካፈልን። ሲነጋ ሽማግሌው እንደ ጧፍ ቀጥ ብለው ተነሡ፣ ስልክም ደወሉ፦ «የትነበርሽ! ልጄ አልጋዬ ላይ አደረ! አንቺስ?» እርሷም በመልሱ ጉዞ ካልተኛችሁልኝ ብላ ማለች፤ ተኛንላትም።

የሄድነው ግን በባቡር ነው፣ ድስቱን ታቅፌ። ካምፐሩ የአቶ ገብረመድህን ቤት ክፍል ነው ተብሎ ታውጇል፣ የታወጀ አይሻርም፣ ሽማግሌውም ከፍራሹ አልለይም ብለዋል።

እንግዲህ ሽባባው ይመስገኑ፣ መዋዔ ኩርፊያ፣ መጋቤ ብርሃን በገመድ! ሌላው ዘማች ምርኮ ይዞ ይመለሳል፤ የእኔ አማች መኪናቸውን አስማርከው፣ አጎታቸውን አትርፈው በባቡር ገቡ። ከዚህ የሚበልጥ ድል ያየ ካለ ይጻፍ፤ እኔ አላየሁም።