ሊቀ ጫጩት

በሰው ግቢ ገብቶ የሚፈርድ ሰው የሌለበት ሰፈር ካለ አሳዩኝ፤ ዕቃዬን ሸክፌ ዛሬውኑ ልግባበት። የእኛ ሰፈር ፈራጅ ሰዓት ጠጋኙ ነው። ቁም ሳጥን በምታክል ሱቁ የሰው ሰዓት ሲፈታ ይውላል፤ ክብሩ ግን በዶሮ ነው። ዶሮ ማርባት ያማረው ጎረቤት ሁሉ ከጫጩቶቹ የትኛው ለዘር ይቀመጥ፣ የትኛው ይወገድ የሚለውን እሱ ካልቆረጠለት አይሆንለትም። ስለዚህም ሊቀ ጫጩት ብለን ሾምነው። ሹመቱን አልተቃወመም።

ችሎት ሲቀመጥ ነው ማየት! መነጽሩን ግንባሩ ላይ ይሰቅልና "እግሩን አሳዩኝ!" ይላል። ጫጩቷን ገልብጦ ጣቷን ይመረምራል፣ ደረቷን ይዳብሳል፣ ዓይኗ ላይ ያፈጣል፤ ምስኪኗ ወንጀሏን ልትናዘዝ ምንም አይቀራት። ከዚያ ፍርዱ ይመጣል፦ "አይረባም! ዘር ያበላሻል!" ይግባኝ የለም። የአናጢውን ነጭ ቄብ አንዲት ጣቷ ስለተጣመመች አስወገዳት። አናጢው ራሱ አንድ ጣቱን መጋዝ በልቶበታል፤ ፍርዱ ሲነበብ እጁን ኪሱ ከትቶ ነበር የቆመው።

እኛስ? እናጨበጭባለን። ጮክ ብሎ የተናገረ ሁሉ ያወቀ ይመስለናል። ለገዛ ግቢያችን ዓይን አልተፈጠረልንም!

ልብስ ሰፊዋም ጠራችው። ዓይኗ እየደከመ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ሲያቅታት፣ ከእንግዲህ በእንቁላል ልደር ብላ ነው ጫጩት ያሳደገችው። ሊቀ ጫጩት እግራቸው የወፈረውን፣ አናታቸው ላይ ያለው ሥጋ ቀድሞ የቀላውን፣ ደረታቸውን ነፍተው የሚንጎራደዱትን መረጠላት። ጥግ ይዘው የተኮለኮሉትን ቀጫጮች ግን "አይረባም!" አለ።

"ጋሼ፣ እነዚህ ደግሞ ምን አጠፉ? ትንሽ ቢቆዩስ?"

"እህቴ፣ እያዘንሽ ነው ዶሮ የምታረቢው? ተይው፣ እኔ አስወግድልሻለሁ።" በካርቶን አድርጎ ይዟቸው ሄደ።

ወራት አለፉ። አንድ ማለዳ ሱቁን ሊከፍት ሲያልፍ ከግቢዋ ኩኩሉ ሰማ። ሌላ ተቀበለ። ደግሞ ሌላ። ምርጦቹ በሙሉ አውራ ዶሮ ሆነው አረፉት! ወንዱ ቀድሞ እንደሚቀላና እንደሚፈረጥም ማንም ዶሮ አርቢ ያውቃል፤ እሱም ያውቃል። ግን ሰው ከብቦ እያደነቀው የቱ ዳኛ ቆም ብሎ ያስባል?

ልብስ ሰፊዋ በር ላይ ነበረች። "ጋሼ፣ ዘፋኝ በዘፋኝ አደረግኸኝ እኮ" አለችው። አልተቆጣችም። ብትቆጣ በስንት ጣዕሙ! ፊቱ ጋለ፤ ሱቁን ሳይከፍት ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ጓሮው ማንንም አስገብቶ አያውቅም። ለካ የሰፈሩ ፍርደኛ ሁሉ እዚያ ሲጭር ይውላል! የአናጢው ነጭ ዶሮ አለች። የልብስ ሰፊዋ ቀጫጮችም አሉ፤ ወፍረው፣ አምረው፣ እንቁላል ይጥላሉ። ሊቀ ጫጩት ቢላ አንስቶ ማረድ አይሆንለትም፤ ይህንን ከሚስቱ በቀር ማንም አያውቅም።

"የልብስ ሰፊዋን መልስላት" አለችው ሚስቱ።

"ሌባ ነው ይሉኛላ!"

"አንተን ሌባ እንዳይሉህ እሷ ጦሟን ትደር?"

በጠራራ ፀሐይ ካርቶኑን ታቅፎ ወጣ። መንገዱ እንደዚያ ቀን ረዝሞበት አያውቅም። ነጯ ዶሮ ደግሞ ጥሎኝ እንዳይሄድ ብላ ከኋላው ኩስ ኩስ ትላለች።

"ሊቀ ጫጩት! ያቺ የእኔ አይደለችም እንዴ?" አለ አናጢው።

"ናት" አለ፣ መሬት መሬቱን እያየ።

ልብስ ሰፊዋ ፊት ካርቶኑን አስቀመጠ። "ያንቺ ናቸው። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። ማረድም... አልችልም።" እጇን ሰዳ ስትዳብስ ትኩስ እንቁላል አገኘች። ገለባበጠችው።

"ታዲያ ጋሼ፣ የእነዚህን እግር ማየት አያስፈልግም አይደል?"

ሰፈሩ በሳቅ ፈረሰ። እሱ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

ሹመቱን ግን አልገፈፍነውም። ዛሬም ይጠራል፤ ዛሬም መነጽሩን ሰቅሎ "አይረባም!" ይላል። ያኔ አናጢው ለፍርደኞቹ መውሰጃ ብሎ ባዶ ካርቶን ያቀብለዋል። ሊቀ ጫጩትም ጆሮው ድረስ ቀልቶ ይቀበላል።