በአባቴ የጠላቂ ቱቦ ላይ የመኪና ጎማ ስፕሬይ የነፋሁት እኔ ነኝ

ዛሬ የሠራሁትን ስነግራችሁ ግማሾቻችሁ አንፎሎው ታደርጉኛላችሁ። የቀራችሁት ለአባቴ ታዝናላችሁ።

ፀጉሬ እስካሁን አልደረቀም። ግራ ጆሮዬ ውስጥ ውኃ አለ። የፊደል ስህተት ካያችሁ እለፉት።

አባቴን ልገድለው ነበር።

ለላይክ ብዬ አይደለም። ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

አባዬ የድሮ የባሕር ኃይል ጠላቂ ነው። አዎ፣ የምንኖረው ኮልፌ ነው። አዎ፣ በሰፈራችን ትልቁ ውኃ ሮቶ ውስጥ ያለው ነው። ሰውየው ግን በወጣትነቱ ምፅዋ ላይ ከመርከብ ሥር እየገባ ሲሠራ የኖረ ነው። ከዚያ ሲወጣ ልብሱን ሁሉ ትቶ አንድ የቆርቆሮ ሳጥን ብቻ ተሸክሞ መጣ።

ሳጥኑ ውስጥ አንድ ፈረንጅ አሰልጣኝ ወደ አገሩ ሲመለስ የሰጠው የጠላቂ ዕቃ አለ። የፊት ማስክ፣ እቤት ውስጥ "የዳክዬ እግር" የምንለው ሰፊ የጎማ ጫማ እና መተንፈሻው። መተንፈሻው ጀርባ ላይ ከሚታሰረው የአየር ሲሊንደር ተነስቶ በሁለቱ ትከሻ በኩል ወደ አፍ የሚመጣ፣ ሁለት ወፍራም ጥቁር የጎማ ቱቦ አለው። በአንዱ አየር ይመጣል፣ በሌላው ይወጣል። በዕድሜ ታላቄ ነው።

ይህን ሁሉ ዘመን አንድም ቦታ አልተሰነጠቀም። እኔ እስክደርስበት።

አባዬ ለዚያ ጎማ ያለውን ጥንቃቄ ብታዩ። በየሦስት ወሩ ያወጣዋል። ለብ ባለ ውኃ በሕፃን ሳሙና ያጥበዋል። ጥላ ላይ ያደርቀዋል። ከዚያ የሕፃን ፓውደር ይነሰንስበትና ሳያጥፍ፣ ምንም ሳይጭንበት፣ ጨርቅ አልብሶ ጨለማ ውስጥ ያስተኛዋል።

"ጎማ ፀሐይ አይወድም፣ ዘይት አይወድም፣ መታጠፍ አይወድም" ይላል።

እማዬ ደግሞ "እኔን እንዲህ ተንከባክበኸኝ ታውቃለህ?" ትለዋለች።

የእኔን ሥራ ታውቃላችሁ። አየር ጤና የመኪና ዲኮር ሱቅ አለኝ። የወንበር ልብስ፣ ምንጣፍ፣ የመኪና ሽቶ፣ ጎማ የሚያብረቀርቅ ስፕሬይ። ስለ ጎማ የሚነግረኝ ሰው የለም ብዬ አምን ነበር።

ነበር።

ከሁለት ወር በፊት አባዬና እማዬ ለዘመድ ሠርግ ወራቤ ሄዱ። እኔ ቤት ሳጸዳ ሳጥኑን ከፈትኩት። ቱቦው በፓውደር አመድ መስሎ ተኝቷል። የድሮ ሰው ዘዴ ነው ብዬ ናቅኩት። አሳምሬ ሰርፕራይዝ ላደርገው ፈለግኩ።

እሺ፣ ቪዲዮም ልሠራ ፈልጌ ነበር። "የአባቴ ጥንታዊ ዕቃ፣ በፊት እና በኋላ" የሚለው። አንዳንዶቻችሁ ልብ ሰጥታችሁኛል። እባካችሁ ሄዳችሁ አንሱት።

በቤንዚን ወለወልኩት። ስፕሬዩን ሁለት ዙር ነፋሁበት። ቶሎ እንዲደርቅ ብዬ አጠፍኩትና የልብስ ገመድ ላይ አሰጣሁት። ቀትር ፀሐይ ላይ። ሦስት ቀን ሙሉ።

አይወድም ካለው አንዱንም አላስቀረሁበትም።

የመጀመሪያ ቀን እንዴት እንደሚያምር። እንደ አዲስ መኪና ያብረቀርቃል።

በአራተኛው ቀን ላወርደው ስይዘው ጣቴ ላይ ተጣበቀ። የታኘከ ማስቲካ የያዝኩ መሰለኝ። የታጠፈበትን ቦታ ስዘረጋው ደግሞ ትንንሽ ስንጥቆች አፋቸውን ከፈቱ። በዚያ ፀሐይ ውስጥ ቆሜ በረደኝ።

ምን ማድረግ ነበረብኝ? ደውዬ መናገር።

ምን አደረግኩ? ፓውደር ነሰነስኩበት፣ ጨርቁን አለበስኩት፣ ሳጥኑን ዘጋሁት።

አባዬ ስኳር አለበት። ዓይኑ ደክሟል፣ የጣቶቹ ጫፍ ደንዝዟል። ከወራቤ ሲመለስ ሳጥኑን ከፍቶ ቱቦውን በመዳፉ ዳበሰው፣ ፈገግ ብሎ መልሶ ዘጋው። አልለየውም።

እኔ እፎይ አልኩ። አሁን ከሁሉም በላይ የማፍረው በዚያች እፎይታ ነው።

ባለፈው ሳምንት ሐኪሙ ዓይኑ ከዚህ እየባሰ እንደሚሄድ ነገረው። አባዬ እቤት ገብቶ ጫማውን እያወለቀ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ።

"ጨርሶ ሳልታወር አንድ ጊዜ ከውኃ ሥር ማየት እፈልጋለሁ።"

ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ።

ጋሽ ተካ የሚባሉ የባሕር ኃይል ጓደኛ አሉት። እሳቸው በሚያውቋቸው ሰዎች በኩል አየር የተሞላ ሲሊንደር አገኙ። ጦር ኃይሎች አካባቢ ያለ አንድ የዋና ገንዳ ለአንድ ሰዓት ፈቀደላቸው። ቀጠሮው ለዛሬ ጠዋት ሆነ።

ሳምንቱን እንዴት እንዳለፍኩት አትጠይቁኝ።

ሰኞ ልነግረው ክፍሉ ገባሁ። እያንጎራጎረ ማስኩን ያጥባል። ወጣሁ። ማክሰኞ ለእማዬ ልነግራት አፌን ስከፍት "አባትሽን እንዲህ ደስ ብሎት ካየሁት ስንት ዓመቴ" አለችኝ። ዘጋሁት። ረቡዕ ሳጥኑን ቆሼ ቆሻሻ መጣያ ወስጄ ጥዬ ሌባ ገባ ልል አሰብኩ። አሮጌ የጎማ ቱቦ የሚሰርቅ ሌባ ምን ዓይነት ነው? ተውኩት።

ዛሬ ጠዋት የመጨረሻ ሙከራዬን አደረግኩ።

"አባዬ፣ ጉንፋን የያዘህ አይመስልህም?"

"አይመስለኝም።"

ሄድን።

አባዬ ቁምጣ ለብሶ፣ እግሩ እንደ ሸንበቆ ቀጥኖ፣ ገንዳው ጠርዝ ላይ ቆመ። የዳክዬ እግሩን ለሁለተኛው ዙር ላቆየው አለ። ጋሽ ተካ ሲሊንደሩን ጀርባው ላይ አሰሩለት። ሊዋኝ የመጣው ሰው ሁሉ ከቦን ስልኩን አወጣ።

ከዚያ አባዬ ቱቦውን ወደ እኔ ዘረጋው።

"ሰሚራ፣ ምፅዋ ላይ አንድ ጠላቂ ሌላ ሰው ቱቦውን ሳያይለት አይወርድም። እኔ ማየት አልችልም። እይልኝ፣ ስንጥቅ አለው?"

ያዝኩት። ከፓውደሩ ሥር ስንጥቁ ቁልጭ ብሎ ይታየኛል። አውራ ጣቴ ሥር ይላወሳል። ሰዉ ሁሉ እኔን ያያል። ጋሽ ተካ ያዩኛል።

"ምንም የለውም አባዬ።"

ወላሂ በይ ቢለኝ እዚያው እነግረው ነበር። አላስማለኝም። አመነኝ።

ደረጃውን መውረድ ጀመረ። ውኃው ጉልበቱ ጋ ደረሰ። ወገቡ ጋ። ደረቱ ጋ። በየደረጃው አሁን እናገራለሁ እላለሁ፣ ድምፅ አይወጣኝም። አባዬ የመተንፈሻውን ጫፍ ነከሰ፣ በአውራ ጣቱ ምልክት ሰጠን፣ ገባ።

አረፋ ወጣ። ሰዉ አጨበጨበ።

ሌላ አረፋ ወጣ። ይኼኛው ግን ከቀኝ ትከሻው ላይ ነው፤ ቱቦው ከታጠፈበት ቦታ።

እንግዲህ ይህን እወቁ። እኔ ዋና አልችልም። ገንዳው እዚያ ጋ ከቁመቴ ይበልጣል። ጫማዬ እግሬ ላይ ነው። ሻርፔ ራሴ ላይ ነው። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነው።

ዘለልኩ።

ውኃ ሥር ጸጥታው ያስፈራል። ላይና ታቹን አላውቅም። በአፍንጫዬ ገባ፣ በአፌ ገባ። እጄ ያገኘውን ጨመደድኩ። ያገኘሁት የአባቴ አንገት ነበር።

ጋሽ ተካ በኋላ እንደነገሩኝ፣ አባዬ በሁለተኛው ትንፋሽ አፉ ውስጥ ውኃ ሲገባ መተንፈሻውን ተፍቶ ተረጋግቶ እየወጣ ነበር። ልምድ ነዋ። ጭንቅላቱ ከውኃው ሊወጣ ትንሽ ሲቀረው አንዲት ሴት ከነጫማዋ ላዩ ላይ ወደቀችበትና አንገቱን ይዛ ወደ ታች ወሰደችው።

ቱቦው ሊገድለው አልነበረም። እኔ ነበርኩ።

እንዴት ከአንገቱ እንዳላቀቀኝ አላውቅም። አገጬን በክንዱ ይዞ፣ ከነሲሊንደሩ፣ ጎትቶ ጠርዙ ላይ አወጣኝ። የሰባ ዓመት ሰው። ስኳር ያለበት ሰው። ጎን ለጎን ተጋድመን ሁለታችንም እንስላለን። እሱ ከንፈሩ ጠቁሮ ይንቀጠቀጣል። ፎጣ ሲያለብሱት ደረቱ ከፍ ዝቅ ማለቱን እቆጥራለሁ። ያቆማል ብዬ ፈራሁ። በሕይወቴ እንዲያ ፈርቼ አላውቅም።

የገንዳው ጥበቃ መጥቶ "እህት፣ በልብስ መዋኘት ክልክል ነው" አለኝ።

"ምን ሆነሽ ነው አንቺ?" አሉ ጋሽ ተካ።

ያኔ ወጣልኝ። እዚያው እርጥብ ወለል ላይ ቁጭ ብዬ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ቤንዚኑን፣ ስፕሬዩን፣ ፀሐዩን፣ ፓውደሩን፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ንፍጤ ከዕንባዬ ተቀላቅሎ። ይህንንም የቀረጹ አሉ፤ ካያችሁት ሼር አታድርጉብኝ።

አባዬ ቱቦውን አንስቶ ትንሽ አጠፍ አደረገው። ብጥስ ብሎ ለሁለት ተከፈለ። ጉማጁን መዳፉ ላይ አስቀመጠ።

"ዛሬ ስሰጥሽ ስንጥቁን አይተሽው ነበር?"

"አዎ አባዬ።"

"ጎማስ ጎማ ነው፣ ያረጃል" አለ ቀስ ብሎ። "እኔን የጎዳኝ አይተሽ የለም ማለትሽ ነው።"

ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ወደ ቤት ተመለስን። ጋሽ ተካ የመኪናቸውን ሬዲዮ ከፈቱ፣ መልሰው ዘጉ። መንገድ ላይ ጥርሴ ሲገጫገጭ ሰምቶ አባዬ ፎጣውን ከራሱ ላይ አውርዶ ወደ ኋላ ወንበር ወረወረልኝ። ዞሮ ግን አላየኝም።

አሁን ደጃፍ ላይ ተቀምጬ፣ ጆሮዬ ውስጥ ውኃው እያንኳኳ፣ ይህን እጽፋለሁ፣ በእማዬ ስልክ፤ የእኔ ስለረጠበ እንዲደርቅ ሩዝ ውስጥ ነው። እማዬ ሻይ አመጣችልኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ስኳር ሳታበዛ።

አሁን ከውስጥ አባዬ ጠራኝ።

"ሰሚራ፣ ነይ። ሳጥኑን ከፍቼዋለሁ። የተረፈውን አንድ በአንድ እያየሽ ንገሪኝ።"

ከእንግዲህ ዓይኑ እኔው ነኝ ማለት ነው። ከቁጣው ይልቅ ይኼ አስፈራኝ።

ምክንያቱም የተረፈው ማስኩ ብቻ ነው። የዳክዬ እግሩም ላይ ስፕሬይ ነፍቼበታለሁ፤ እሱን ገና አልነገርኩትም።

ልገባ ነው። እናንተ ብትሆኑ ከደህናው ማስክ ትጀምራላችሁ ወይስ ከዳክዬ እግሩ?