የቀይ አልጌዋ ሙሽራ

በዚህ ከተማ ለዘመድ የሚገባ ሥራ ጥቂት ነው። ሐኪም ከሆናችሁ ጥሩ፤ ድግስ ላይ ጥግ ይዞ ምላሱን የሚያሳያችሁ ሰው አታጡም። መሐንዲስ ከሆናችሁም ደግ፤ ስለ አጥር ያማክሯችኋል። ከዚህ ወጣ ያለ ሥራ ከያዛችሁ ግን እናታችሁ ለጎረቤት «ቢሮ ናት» ብላ ትገላገላለች። ነገሩ እዚያ ላይ ያልቃል።

የወንድሜ ልጅ ሄለን ቢሮም የላት። ውሎዋ ቤተ ሙከራ ነው፤ የምትመራመረው ደግሞ ስለ ቀይ አልጌ። አልጌ ማለት፣ ለማታውቁት፣ ውሃ ውስጥ የሚኖር ሥርም አበባም የሌለው ፍጥረት ነው፤ ቀዩ በአብዛኛው ባሕር ይወዳል። ባሕር የሌላት አገር ልጅ በባሕር ሣር ዶክትሬት ትሠራለች ብላችሁ አትሳቁ፤ እኛ ስቀን ጨርሰናል። ናሙናው ደርቆ ከሞምባሳ ይላክላታል። አንድ ጊዜ እናቷ በሶብላ መስሏት ወጥ ላይ ነስንሳዋለች። ወጡ አልከፋም።

ይህች ልጅ ልታገባ ሆነ። ልጁ ዳዊት ይባላል፤ አትላስ አካባቢ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል፤ ጨዋ ነው፤ ትወደዋለች። የቀረው ሽማግሌ መላክ ብቻ ነበር። ታዲያ ሽማግሎቹን የሚመሩት አጎቱ ጋሽ መኮንን ይደውሉና «ልጅቷ ምን ላይ ነው የምትሠራው?» ይሉታል። ዳዊት መንገድ ዳር፣ የታክሲ ረዳት ጆሮው ሥር እየጮኸ፣ «ቀይ አልጌ ላይ» ብሎ ይመልሳል።

ጋሽ መኮንን የሚኖሩት እዚሁ ከተማ ሩዋንዳ የሚባለው ሰፈር ነው። ከበራቸው ወጥተው ግራ ቀኙን ቢያዩ «አልጋ አለን» የሚል ታፔላ ነው፤ ሲመሽ መብራቱ ቀይ ይሆናል። እስቲ እናንተ በእሳቸው ቦታ ብትሆኑ ምን ትሰሙ ነበር?

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሦስቱ ሽማግሎች ሳሊተ ምሕረት ሰፈር ወንድሜ ቤት መጡ። ወንድሜ ገና ከመግባታቸው ተቀመጡ አላቸው። አልተቀመጡም።

«መቀመጡ ይደርሳል» አሉ ጋሽ መኮንን ጉሮሯቸውን ጠርገው። «ልጃችሁን ለልጃችን ልንጠይቅ ነው የመጣነው። ሥራዋን ሰምተናል። ሰው ሲቸግረው የማይሠራው የለም፤ አንፈርድባትም። ካገባች በኋላ ትተወዋለች ወይ? ጥያቄያችን ይቺው ናት።»

ወንድሜ የልጁን ዶክትሬት ከራሱ ጤና አስበልጦ የሚወድ ሰው ነው። ፊቱ ተለዋወጠ።

«አትተወውም» አለ። «ስንት ዓመት የለፋችበት፣ ስሟን ያስጠራችበት ሥራ ነው። እኔና እናቷ ጸልየን ነው እዚህ ያደረስናት።»

«እናንተም ታውቃላችሁ ማለት ነው?»

«እንዴት አናውቅም? ከውጭ አገር ሲመጣላት ኤርፖርት ሄጄ የምቀበልላት እኔው አይደለሁም እንዴ?»

አንደኛው ሽማግሌ አማተቡ። ሌላኛው ባርኔጣቸውን አነሡ። የልጅቷ ትዳር በዓይናችን እያየነው በበሩ ሊወጣ ሆነ። ያን ጊዜ ነው እኔ ነገሩ የሸተተኝ፤ «ጋሽ መኮንን፣ ምን ላይ ነው የምትሠራው የተባሉት?» አልኩ። እየተሸማቀቁ ነገሩኝ። ሳቄን እንደምንም ውጬ ሄለንን ከጓዳ ጠራኋት። በሽማግሌ ፊት ሙሽራ ብቅ አትልም፤ ግን ምን ይደረግ?

«ጋሼ፣ አልጌ ነው፤ የባሕር ሣር» አለች ቀልጠፍ ብላ። «ዝርያውን ነው የምለየው። በመልክ ብቻ ከሄድን ያሳስታል። ቁርጥ የአንድ እናት ልጆች የሚመስሉት፣ ውስጣቸው ያለው ኬሚካል ሲታይ ባዳ ሆነው ያርፉታል፤ ጭራሽ የማይመሳሰሉት ደግሞ ዘመዳሞች ይሆናሉ። ስለዚህ ፈጭቼ፣ ኬሚካሉን አውጥቼ፣ ማን ከማን ወገን እንደሆነ አያለሁ። ብቻውን ባይበቃም ጥሩ ምስክር ነው።»

ጋሽ መኮንን እስኪያነቡ ሳቁና ተቀመጡ። ቢራ ቀረበ። እኛም ተነፈስን፤ ግን ሙሉ በሙሉ አልነበረም፤ ገና የዘር ቆጠራው ይቀራል። ሙሽሮቹ እስከ ሰባት ቤት እንዳይዛመዱ አያት ቅድመ አያት ይጠራል፤ ጋሽ መኮንን ደግሞ አንድ ስም የጎደለበትን ቤት አይምሩም፤ በዚህ የተነሣ ያስቀሩት ሠርግ አለ። ወንድሜ ከአያቱ ወዲያ ያለውን አያውቅም።

«በሉ እንግዲህ» አሉ ጋሽ መኮንን ብርጭቋቸውን ጨርሰው። «በእኛ በኩል የሁሉም ይታወቃል፤ ከእናንተ እንጀምር። የአባትህ አባት...» ብለው ድንገት ቆም አሉ። ወደ ሄለን ዞሩ።

«ልጄ፣ ይኸ ውስጥ አይቶ ወገን መለየት ያልሽው ነገር፣ ለሰውም ይሆናል?»

ሄለን መዋሸት አታውቅም። «ለሰው ሌላ ምርመራ አለ ጋሼ፤ በጣም ቀላል ነው። ማን የማን ልጅ እንደሆነ ለማወቅ ትንሽ ምራቅ ይበቃል፤ የጠጡበት ብርጭቆ ላይ እንኳ አይጠፋም።»

 ጋሽ መኮንን ብርጭቋቸውን ለጥቂት ጊዜ ትኩር ብለው አዩት። ከዚያ መሐረባቸውን አወጡና የብርጭቆውን ከንፈር ዙሪያውን በጥንቃቄ ጠረጉት።

«ልጆቹ ከተዋደዱ» አሉ፣ «ቆጠራ ምን ያደርጋል?»

ሁለቱ ሽማግሎች እውነት ነው፣ እውነት ነው እያሉ ብርጭቋቸውን ጠረጉ። ወንድሜም የራሱን ጠረገ። እኔ ግን እንደነሱ በጥርጣሬ የምናጥ ሰው አይደለሁም። የኔን ብርጭቆ ጓዳ ወስጄ በሳሙና አጠብኩት።