በበዓለ ሃምሳ የጾሙት እሜቴ

የእሜቴ የብርጓል አንድ ተራ ቀን ይህን ያህል ይፈጅ ነበር፦ ለቁርስ ሦስት እንጀራ በቅቤ የራሰ ፍርፍር፣ ለምሳ አራት እንጀራ ከነወጡ፣ ለራት እንደ ምሳው ሆኖ «ለመተኛት ያህል» አንድ ጭማሪ፣ በየመሐሉ ጠላ፣ ከመደብ ለማንሳት ሁለት ሰው፣ ከደጅ ለመውጣት አንዲት በቅሎ። ጣልያን ደብረ ማርቆስ ገብቶ ከባላገር የሚመጣው እህል ከተቋረጠ በኋላ እንኳ ከዚህ ሒሳብ አንዲት ዋንጫ አልተቀነሰችም። የጎተራው ወለል እየታየ ሄደ እንጂ እሜቴ አልጎደሉም።

በየሰፈሩ «ከነገ ጀምሮ እከሳለሁ» የሚል ሰው አይጠፋም። ነገ ግን መጥቶለት አያውቅም፤ ወይ ሰርግ ይገባበታል፣ ወይ ተዝካር፣ ወይ ማኅበር። አገር ሁሉ ሳይወድ በግድ በሚከሳበት በዚያ ዘመን ወዶና ፈቅዶ ሲከሳ ያየሁት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የአጥር ጎረቤቴ፣ ክብርት ወይዘሮ የብርጓል እንዳላማው።

የተጀመረው በሠላሳ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ በፋሲካ ማግስት ነው። ወታደሮች መጥተው በቅሎዋን ለጦሩ ጭነት ወሰዷት። በቅሎዋ ወደኋላ ዞራ ሳታይ ስለሄደች፣ የሰፈራችን ወሬ አቀባይ ወለተ ኪዳን «ከሁላችን ነጻ የወጣችስ እርሷ ናት» አለች።

እሜቴ አላለቀሱም። ያን ዕለት ምሳ ሲቀርብ አንድ እንጀራ በልተው እጃቸውን ታጠቡ። ቤቱ ተሸበረ።

«በሞቴ!» አለች ሠራተኛቸው። «በሞቴ!» አልሁ እኔም።

«ተዉኝ እናንተ! ስንቱን ሞት በልቼ እዘልቀዋለሁ?»

ቅቤ ቀረ፤ ጠላው በውሃ ተተካ። ማለዳ አንድ እፍኝ የገብስ ቆሎ፣ በዘጠኝ ሰዓት አንድ እንጀራ ከነጎመኑ፣ በቃ። ውሃ የሚቀዳላቸው ሰው ነበር፤ አሁን እንስራውን ራሳቸው አዝለው ከምንጭ ይመላለሱ ጀመር። ቤሳ አልወጣበትም። መለኪያቸው መቀነታቸው ነበር። «እስቲ እዪልኝ፣ ቀነስሁ?» ይሉኛል። አንድ ጊዜ ዞሮ ለመቋጠር የሚጨነቀው መቀነት ሁለት ጊዜ ዞረ፤ ከዚያም ጫፉ ተርፎ ይንጠለጠል ጀመር።

ጣጣውን ያመጣው እንቅስቃሴው ነው። «ጉልበቴ እንዲላላ መውደቅ መነሳት አለብኝ» አሉ። የራሳቸው ግቢ ተዳፋት ነውና ደልዳላ መሬት ፍለጋ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ገቡ። መጀመሪያ ሰባት ጊዜ፣ ከዚያ አሥራ ሁለት፣ ከዚያ አርባ አንድ። ወቅቱ ደግሞ በዓለ ሃምሳ ነው። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ እንኳን ስግደቱ፣ የረቡዕ የዓርቡ ጾም የለም። ነፍስ አባታቸው ቄስ አንሙት እየሮጡ መጡ።

«ወይዘሮ የብርጓል! በበዓለ ሃምሳ ስግደት አለ እንዴ?»

«ስግደት አይደለም አባቴ፤ መውደቅና መነሳት ነው።»

«ታዲያ ስግደት ሌላ ምንድን ነው?»

«ስግደትማ ለእግዚአብሔር ነው። ይኸ ለጉልበቴ ነው።»

«እኔ ያልሰጠሁዎትን ቀኖና ማን ሰጠዎት? ገባኝ! ሌላ ነፍስ አባት ይዘዋል!» ብለው መስቀል ሳያሳልሙ ሄዱ።

ከዚያ ወዲያ ለሰፈሩ የቀረው ኃጢአቱን መፈለግ ነው። ወለተ ኪዳን ከአጥር ጥግ ሆና ቆጥራ፣ «አርባ አንድ? ይኸ የሰው ነፍስ ያጠፋ ሰው ቀኖና ነው» ብላ ፈረደች። በሳምንቱ እሜቴ በወሬው ለጣልያን አርበኛ ጠቁመው ያስያዙ ሆኑ። በዚያን ጊዜ ከዚህ የከፋ ስም አልነበረም። ሰው ሰላምታ ነሳቸው። ሄጄ ብነግራቸው፣ «ይበሉ፣ ተያቸው። ከታማሁ ወዲህ ይብሉ ብሎ የሚለምነኝ የለም፤ ጠቀሙኝ» አሉ።

ማለዳ ማለዳ ደግሞ በደምበጫ በኩል ከከተማ ወጥተን እንመለሳለን። እኔም ልጄን አዝዬ አብሬያቸው እሄድ ነበር፤ የአራስነት ቅቤ እኔንም አልማረኝም። የኬላው ዘበኞች «ወዴት ነው?» ሲሉ እሜቴ «ልከሳ!» ይላሉ። ዘበኞቹ በሳቅ ይፈርሳሉ። ከአንድ ባሕር ዛፍ ስንደርስ ዞረን እንመለሳለን።

ሰኔ በገባ በሦስተኛው ቀን ከዛፉ ስንደርስ እሜቴ አልቆሙም።

«እሜቴ፣ ዛፋችንን አለፍነው!»

«ዛሬ ዛፉ ይመለስ» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ታየች ቀኗ ደርሷል።»

ታየች ደምበጫ አጠገብ ያለች አንዲት ልጃቸው ናት። ባሏ ጫካ ገብቷል፤ የአርበኛ ሚስት ናትና ለመውለድ እናቷ ቤት መምጣት አትችልም። የመጀመሪያ ልጇን ደጋፊ አጥታ ብቻዋን ወልዳ ሞቶባታል። ይህን አንድ ሰው ቢሰማ ጣልያን እሜቴን ተከትሎ አማቻቸውን በያዘ ነበር። ለካ እነዚያን ሁለት ወራት ያስከሱት ገላቸውን ብቻ አልነበረም፤ የዘበኞቹን ጥርጣሬም ነበር።

«አንቺ ተመለሺ፤ ሕፃን ይዘሻል» ብለውኝ፣ ቆሏቸውን በጨርቅ ቋጥረው ዳገቱን ተያያዙት። ከኋላ ሳያቸው ሰው ሳይሆን ተራራ ከቦታው ተነስቶ የሚሄድ መሰለኝ።

ስመለስ ዘበኞቹ «ወፍራሟስ?» አሉኝ። ምን ልበል? «ከስተው አለቁ» አልሁ።

የቀረውን የነገረችኝ ታየች ናት። እናቷ በሦስተኛው ቀን ደረሱ። መቀነት ሦስት ጊዜ የዞረባቸው ሴትዮ ደጇ ላይ ቆመው ብታይ «ማንን ፈልገው ነው?» አለቻቸው። በነጋታው ምጡ ከንጋት እስከ ቀትር ያዛት። እሜቴ ከኋላዋ ሆነው፣ ስትወድቅ አብረው እየወደቁ፣ ስትነሳ አብረው እየተነሱ፣ ክንዳቸው አንዴም ሳይላላ አዋለዷት። ወንድ ልጅ። ልጁ ሲወለድ የደረሱ የጎረቤት ሴቶች ድምፃቸው እንዳይሰማ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጠቅጥቀው እልል አሉ። ልጁም አደገ።

እሜቴ ግን ከተማ ሲመለሱ ያ ክፉ ስም እየጠበቃቸው ነበር። አንዲት ቃል ብትወጣቸው ይወርድላቸው ነበር። አላወጡም፤ ሁለት ዓመት ተሸከሙት። ነጻነት በመጣበት ፋሲካ አማቻቸው ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ ከጫካ ሲገባ ሁሉም ነገር ተሰማ። ቄስ አንሙት ይቅርታ ለመጠየቅ እግራቸው ላይ ሊወድቁ ሲሉ፣ እሜቴ «ኧረ ይተዉ አባቴ፣ በዓለ ሃምሳ ነው!» ብለው ያዟቸው።

ዛሬ ጎተራው ሲሞላ እሜቴም አብረው ሞልተዋል፤ አፌን ሞልቼ እናገራለሁ፣ ደስ ብሎኛል። ታየች እንደገና ልትወልድ ነው። በቅሎ ይገዛልዎ ቢባሉ «የራሴን እግር ከቀመስሁ ወዲያ በሌላ እግር አልሄድም» አሉ። ይህን እንደምጽፍ ሲሰሙም፣ «አንባቢውን እንዲህ ብለሽ ለምኚልኝ» አሉኝ፦

«ከማርቆስ ደምበጫ የምትመላለሱ ልጆቼ፣ በየዳገቱ ራስ አንዳንድ ድንጋይ አኑሩልኝ። ከጉልበት ከፍ ያለ ይሁን። ዝቅ ያለው ላይ መቀመጡስ ቀላል ነው፤ የሚያነሳኝ መንገደኛ እስኪያልፍ ግን ልጁ ይወለድብኛል።»