ሩቅ የሚሰማ ሰው ይፈለጋል

ባለፈው እሑድ ከምሳ በኋላ አቶ ቢያድግልኝ ሳሎናቸው ሶፋ ላይ ጋደም እንዳሉ ዓለምን ተገልብጣ አዩ።

አቶ ቢያድግልኝ ብቸና ከተማ ፖስታ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። የድሮው ሬዲዮአቸው በዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ ሳል ይዞት፣ ሲስል ሲስል ሰንብቶ አንድ ቀን ጸጥ ካለ ወዲህ ሌላ ለመግዛት ሲያጠኑ አራት ወር አልፏቸዋል። ሱቅ ይገባሉ፤ አንቴናውን እስከ ጫፉ ይመዙታል፤ መቃኛውን በሁለት ጣት ይዘው ቀስ ብለው ያዞሩታል፤ "አጭር ሞገዱ ስንት ቦታ ይከፈላል?" ብለው ይጠይቃሉ። ከዚያ "እስቲ ላስብበት" ብለው ይወጣሉ። ሩቅ ጣቢያ ጥርት አድርጎ የማያመጣ ሬዲዮ ለእሳቸው ሬዲዮ አይደለም። "የቅርቡንማ ጎረቤትም ያወራልኛል" ይላሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ እናትነሽ ግን ልጆቹ ካገቡ ወዲህ ቤቱ ጭር ብሎባቸው፣ "የፈለገውን ያምጣ፤ ብቻ የሚናገር ይሁን" እያሉ ሲወተውቷቸው ከርመዋል።

እንቅልፍ ሸለብ እንዳደረጋቸው አቶ ቢያድግልኝ ራሳቸውን አንድ ሱቅ ውስጥ፣ ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ ተቀምጠው አገኙት። በቀኛቸው አንድ ሸማኔ፣ በግራቸው አንድ ትራፊክ ፖሊስ ተቀምጧል። በሁሉም ጆሮ ላይ ወረቀት ተንጠልጥሏል። የእሳቸው ወረቀት "ያገለገለ" ይላል።

ባለ ሱቁ ሬዲዮ ነበር፤ ፊቱ ጨርቅ የለበሰ፣ ቁም ሣጥን የሚያህል የእንጨት ሬዲዮ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ጉሮሮውን ይጠርግና፣ "እንደምን ዋላችሁ፣ ክቡራን ደንበኞቻችን!" ይላል።

ደንበኞቹም ሬዲዮዎች ነበሩ። ባልና ሚስት ሆነው ይገባሉ፤ መደርደሪያው ላይ ያለውን ሰው ሁሉ እያወረዱ ያገላብጣሉ።

"ሩቅ የሚሰማ ሰው አለህ?" አለች አንዲት ሰማያዊ ሬዲዮ። "ባለፈው የገዛነው ሰው ከግድግዳ ማዶ እንኳ አይሰማም። ስናወራለት ይተኛል።"

"አለኝ እንጂ!" አለ ባለ ሱቁ፤ ከታችኛው መደርደሪያም ወይዘሮ እናትነሽን አወረደ።

አቶ ቢያድግልኝ ሚስታቸው እዚያ መኖራቸውን ያወቁት ያን ጊዜ ነው። ወይዘሮ እናትነሽ ተረጋግተው ቆሙ፤ መቀነታቸውን አጠበቁ። ሰማያዊዋ ሬዲዮ ቀኝ እጃቸውን ይዛ ወደ ላይ መዘዘችው። እጃቸው ጣሪያውን ነክቶ ቆመ።

"ምን ይሰማሻል?"

ወይዘሮ እናትነሽ ዓይናቸውን ጨፈኑ። "ከሦስት ወንዝ ማዶ አንድ ሬዲዮ አለ" አሉ። "አልጋ ሥር ወድቋል። ከወደቀበት ሆኖ የአየር ሁኔታ ይናገራል። ነገ ይዘንባል እያለ ነው።"

"ጥርት ብሎ ነው የሚሰማሽ?"

"አቧራው ሲያስነጥሰው ሁሉ ይሰማኛል።"

ተጠቅልለው ተሸጡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ከመጠቅለያው ወረቀት ውስጥ አንገታቸውን አውጥተው ወደ ባላቸው ዞሩና፣ "ሽሮው ምድጃ ላይ ነው፤ አማስለው" አሉ። ከዚያ ሄዱ። አቶ ቢያድግልኝ ምድጃ ፈለጉ። መደርደሪያው ላይ ምድጃ አልነበረም።

ተራው የእሳቸው ሆነ። አንድ ወጣት ሬዲዮ ከነእጮኛው መጥቶ እጃቸውን መዘዘው። "ምን ይሰማሃል?"

አቶ ቢያድግልኝ ይህን ቀን አራት ወር ሲጠብቁት ነበር። "ይኸውልህ" ብለው ጀመሩ፤ "ነገሩ እንደ ሰዓቱ ነው። አጭር ሞገድ በቀን ሌላ ነው፣ አመሻሽ ላይ ሌላ ነው። የጣሪያ ቆርቆሮ ደግሞ ይከለክላል። ሽቦ ወደ ውጭ ዘርግተህ ዛፍ ላይ ብታስር..."

"ይሄ ነገር ለምንድን ነው የሚንጫጫው?" ብላ እጮኛይቱ ባለ ሱቁን ጠየቀች።

"አሠራሩ ነው" አለ ባለ ሱቁ አፍሮ። "ብዙ ዓመት መስኮት ኋላ ተቀምጦ ነበርና ሰው ሁሉ ሊጠይቀው የመጣ ይመስለዋል።"

"የሚናገርማ እኛ አለን" አለ ወጣቱ። "ሰው የምንገዛው እንዲሰማልን ነው።"

ሸማኔውን ገዝተው ሄዱ። ትንሽ ቆይቶ ትራፊክ ፖሊሱም ተሸጠ። አቶ ቢያድግልኝ ብቻቸውን ቀሩ።

በመስኮቱ ወደ ውጭ አዩ። ደብዳቤዎች ተሰልፈው አንድ ፖስተኛ ግንባር ላይ ቴምብር ይለጥፉ ነበር። ለጥፈው ሲያበቁ ተሸክመው ሣጥን ውስጥ ከተቱት። ፖስተኛው ሣጥኑ ውስጥ ሆኖ፣ "አድራሻዬ ተሳስቷል!" ይላል። ደብዳቤዎቹ፣ "አመልክት፤ በሠላሳ ቀን መልስ ታገኛለህ" አሉት። አንድ አህያ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጦ፣ ባጃጁን የሚጎትተውን ገበሬ፣ "ቀስ በል፣ ወገቤን" ይለው ነበር።

"ሳልሸጥ ከዋልኩ ምን እሆናለሁ?" ብለው ባለ ሱቁን ጠየቁት።

ባለ ሱቁ በፊቱ ጨርቅ ወደ ጥግ አመለከተ። ጥጉ ላይ አንድ ካቻቢቴ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጫፉን ይወለውላል። "ለመለዋወጫ" አለ ባለ ሱቁ። "ጆሮህ እንኳ ለአንድ ሰው ይሆናል። አዲስ ነው፤ ብዙ አልሠራበትም።"

ካቻቢቴው በትሕትና እጅ ነሣ።

ሱቁ ሊዘጋ ሲል በሩ እንደገና ተከፈተ። አንድ ሽማግሌ ሬዲዮ አንቴናውን እንደ ከዘራ እየተመረኮዘ ገባ። ጀርባው በጎማ ታስሯል፤ ቁጥሮቹ ተፍቀው ጠፍተዋል። ባለ ሱቁ እንኳ ድምፁን ቀነሰለት።

"ከሩቅ ነው የመጣሁት" አለ ሽማግሌው። "የባትሪ ድንጋዬ አልቋል። ጠዋት ፀሐይ ላይ አውጥቼው ነበር፤ ነክሼውም ነበር። አሁን የቀረኝ አንድ ቃል ነው። እሱን የሚሰማኝ ሰው እፈልጋለሁ።"

"ጥሩ ጥሩዎቹ ተሸጡ፣ አባቴ። አንድ ቀርቷል። ግን አልመክርዎትም።"

"ጆሮ አለው?"

"ሁለት።"

"ይበቃዋል።"

አቶ ቢያድግልኝ ከመደርደሪያው ወረዱ። ከዚያች ደቂቃ በፊት እሳቸውን ፈልጎ ከሩቅ የመጣ አልነበረም፤ በፖስታ ቤቱ መስኮት የሚመጣው ሁሉ ሌላ ሰው የላከለትን ፈልጎ ነው። ሽማግሌውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። ሞቅ ይል ነበር። ጆሮአቸውን የፊቱ ጨርቅ ላይ ለጠፉ።

በመጀመሪያ የሚሰማው ሹክሹክታ ብቻ ነበር፤ እንደ ጤፍ ማሳ ላይ ነፋስ። ከዚያ ነፋሱ እየቀነሰ መጣ። ከውስጥ አንድ ትንፋሽ ተሳበ። ቃሉ መምጣቱ ነው።

አቶ ቢያድግልኝ ደስታው አላስቻላቸውም። "ጀርባዎን ትንሽ ወደ መስኮቱ ቢያዞሩት ጥርት ይላል" አሉ። "ቆርቆሮው ነው የሚከለክለው።"

እሳቸው ይህን ሲሉ ሽማግሌው ተናገረ። ሁለቱም እኩል ጀምረው እኩል ጨረሱ። ከዚያ የሽማግሌው የፊት መብራት ብልጭ ብሎ ጠፋ፤ ጉልበታቸው ላይም ቀዘቀዘ።

ሱቁ በሬዲዮ ተሞላ። ከየት እንደመጡ አልታወቀም፤ ትልቁም ትንሹም አንቴናውን ዝቅ አድርጎ ቆመ።

"ምን አለ?" አለ ባለ ሱቁ።

አቶ ቢያድግልኝ "አልሰማሁም" ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ካቻቢቴው ከወንበሩ ብድግ አለ።

"እንደምን አደራችሁ፣ አለ" አሉ።

"ይህን ሁሉ መንገድ የመጣው ለዚህ ነው?" አለ አንዱ ከኋላ።

"ጨዋ ነበር" አለች ሌላይቱ፤ ድምፅ ማጉያዋም ተንቀጠቀጠ። "በመጨረሻው ሰዓት እንኳ ሰላምታ አልዘነጋም።"

ሬዲዮዎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተከፈቱ። "እንደምን አደራችሁ! እንደምን አደራችሁ!" እያሉ በመስኮትና በበር ለቀቁት። ደብዳቤዎቹ ቆመው ሰሙ። አህያው ከባጃጁ ወረደ። ቃሉ ተራራ ለተራራ እየተቀባበለ ሄደ። አቶ ቢያድግልኝ እየሄደ ሲያዩት ሊመልሱት ፈለጉ፤ ግን በምን ይመልሱታል? የሽማግሌውን ጀርባ ፈተው ድንጋዩን አወጡ፤ ነከሱት፤ መልሰው ከተቱት። መቃኛውን ወደ ቀኝ አዞሩ፤ ወደ ግራ አዞሩ። "አባቴ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይድገሙልኝ። አሁን ዝም እላለሁ" አሉ። ዝምም አሉ።

ያን ጊዜ ከሦስት ወንዝ ማዶ የሴት ድምፅ መጣ። የወይዘሮ እናትነሽ ድምፅ ነበር፤ ጥርት ብሎ።

"ኧረ እንደምን አደራችሁ አላለም! እኔ ሰምቼዋለሁ። እሱ ያለውማ..."

አንድ ሰው እግራቸውን ገፋ አደረገ። ነቁ።

ሳሎኑ ሰው ሞልቶታል። ጎረቤታቸው ባሻ ደመላሽ ለመቀመጫ ብለው የአቶ ቢያድግልኝን እግር ወደ ጥግ ገፍተው ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ወለሉ ላይ፣ በር ላይ፣ እስከ ደጁ ድረስ የሰፈሩ ሰው ቁጭ ብሏል። ጠረጴዛው ላይ ዳቦ የምታህል ቀይ አዲስ ሬዲዮ ተቀምጣለች፤ ከአጠገቧ ወይዘሮ እናትነሽ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ቆመዋል።

"ከአዟሪ ላይ ገዛኋት" አሉ በሹክሹክታ። "አንተ ከተኛህ ወዲህ አላቋረጠችም።"

ሬዲዮዋ ውስጥ አንድ ሰው ዝግ ባለ ድምፅ ይናገራል። ድምፁ ከጎን ያለ ያህል ይሰማል። አቶ ቢያድግልኝ ጆሮአቸውን አቀኑ። አማርኛ አይደለም። ኦሮምኛም፣ ዐረብኛም፣ እንግሊዝኛም አይደለም።

"ምን ቋንቋ ነው?"

"እኛ ምን አውቀን። የምታመጣው እሱን ብቻ ነው።"

"ታዲያ ምን እያለ ነው?"

"ልጁ ሞታበት ነው" አሉ ባሻ ደመላሽ፣ ዓይናቸውን ከሬዲዮዋ ሳይነቅሉ።

"ማን ነገራችሁ?"

ከበሩ ሥር ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የተቀመጡት እማማ ጥጌ ዕንባቸውን በጫፉ ጠረጉና ዞረው ተቆጧቸው።

"ዝም በል እንጂ፣ ልጄ! ቀብሩ ላይ ደርሷል።"